የእሑዱ ስም ጥሪ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጥቅምት ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣ አዲስ አበባ፤

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እኔና እናትዓለም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ አብቅቷል፤ ዓባይ ግን ገና እንደደፈረሰ ነው።

ስለ አንቴናዬ ለጠየቅሽኝ፣ አልተሻለውም። ከክረምት ጀምሮ የሰው ድምፅ ጫፍ ጫፉ እየተቆረጠ ነው የሚመጣልኝ። የሐይቁ እርጥበት ኬብሉን በልቶታል ብዬ አውርጄ አደረቅሁት፤ መጋጠሚያዎቹንም እንደገና በየድሁ። ለውጥ የለም። ስለዚህ ከራዲዮ አማተሮች ማኅበራችን ዕቃ ቤት አዲስ ኬብል በአውቶቡስ ላኪልኝ። ፕሬዚዳንት ነኝ ብዬ ማዘዜ አይደለም፤ እንደማንኛውም አባል ማመልከቻ ጽፌ እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ። አንቺም እንደ ጸሐፊነትሽ መርምረሽ ወስኚ።

የደሞዝን ነገርም አንሥተሻል። መልሱ አጭር ነው። ደሞዝ ቆላ ድባ ላይ እህሉን ይነግዳል እንጂ እሑድ ጠዋት ራዲዮውን አይከፍትም። ስምንት እሑድ በተከታታይ በራዲዮ ስሙን ጠራሁ፤ አንዱንም ቀን "አለሁ" አላለም። ስምንት እሑድ ያልተሰማ አባል ከስም ጥሪው ይወጣል፣ በጉባኤም ድምፅ አይሰጥም ይላል ደንቡ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አንቺም እጅሽን አውጥተሽ አጽድቀሻል። ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ራዲዮውን አቧራ የሚያስበላ ሰው በዛብን ብለን ያወጣነው ደንብ ነው። የመምህርት ጽጌ ተማሪዎችም እንደሱ ሆነዋል። እነዚያ የኮሌጅ ልጆች ሲመዘገቡ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ አሁን ግን አንዷም አትመልስም።

ደሞዝ ባለፈው ጉባኤ "ፕሬዚዳንት ከሁለት ዘመን በላይ አይቀመጥ" ስላለ ነው ያስወጣው የሚሉ አሉ አሉ። እንዲህ የሚሉት እኔን አያውቁኝም። ያን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ ዓሣ ጋብዤዋለሁ፤ አጥንቱን እንኳ የለቀምሁለት እኔ ነኝ።

ስልክ አያነሡም ላልሽው፣ ስልክ መርዶ መንገሪያ ነው። የማኅበር ጉዳይ በወረቀት ይሁን።

አባትሽ መርስዔ ኀዘን


አዲስ አበባ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ መርስዔ ኀዘን፤

መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮ ኦዲት ገብቶብን ቀና ማለት አልቻልኩም ነበር። ኬብሉን ዛሬ ለአውቶቡስ ሰጥቻለሁ፤ መናኸሪያ ሄደው በስምዎ ይጠይቁ።

ስልኩን በተመለከተ፣ እኔ እኮ የማኅበር ጉዳይ ባይኖረኝም እደውላለሁ። እትዬ እናትዓለም ያነሱና "ውጭ ናቸው" ይሉኛል፤ ከበስተኋላቸው እርስዎ ሲያስሉ ይሰማኛል።

ጋሼ፣ ደሞዝ ይመልሳል። ስሙን ሲጠሩት "ደሞዝ፣ አለሁ" ይል ነበር፤ እዚህ አዲስ አበባ ለእኔ ጥርት ብሎ ይገባል። እርስዎ አንዴ ይደግሙና "አልተሰማም" ብለው ያልፋሉ። መጀመሪያ ሞገዱ ነው ብዬ ነበር። ባሕር ዳርና ቆላ ድባ ሐይቁን ይዘው ፊት ለፊት ናቸው፤ ሞገድ ደግሞ ሩቁን እያገኘ ቅርቡን ዘሎት የሚያልፍበት ጊዜ እንዳለ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መሐል ገብቼ "ሰውየው እኮ መለሰ" ልል ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሷል። ግን ጥሪ መሪው ተራ ሳይሰጠው ማንም ትንፍሽ እንዳይል አድርገው ነው እኛን ተማሪዎችዎን ያሳደጉን። ሁላችንም ሰማን፣ ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ባልን ቁጥር ነገሩ ሌላ ትርጉም ያዘ።

ምን እንደሚባል ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። የተቃወመውን ሰው በስም ጥሪ ቀጣው ይላሉ። የጽጌን ተማሪዎች ደግሞ ሴቶች ስለሆኑ ንቋቸው ነው ይላሉ። ፕሬዚዳንትነቱን እዚያው ባሕር ዳር ላለው ለጌትነት ሊያወርሰው ነው፣ ለዚህ ነው ጌትነት አንድም እሑድ "አልተሰማም" የማይባለው ይላሉ። የጌትነት ድምፅ ያለ ራዲዮም ከእናንተ ከተማ እዚህ ይደርሳል ብዬ ቀልጄ ለማለፍ ሞከርኩ፤ ማንም አልሳቀልኝም።

እኔ የሚሉትን አላምንም። ግን ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጨንቆኛል።

ልጅዎ ሩሐማ


ባሕር ዳር
ኅዳር ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለሩሐማ፤

ኬብሉ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሁለት ሰው ቀጥሬ አስሰቀልሁት። እንደነበረው ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ባሰ። ዐርባ ዓመት የስልክ መሥመር ጥገና ላይ ኖሬያለሁ። ከመሸንቲ ከተማ ወዲያ የላላውን ሽቦ እዚህ ቁጭ ብዬ በጩኸቱ እለየው ነበር። ደሞዝ ቢመልስ እሰማው ነበር። ስለ ሞገዱ ዝላይ ያልሽው ያስኬዳል፤ እንደዚያ ከሆነ ግን ሰውየው አንቴናውን ዝቅ አድርጎ ይስቀል እንጂ እኔን አይውቀሰኝ። የጽጌ ተማሪዎች ደግሞ ቢናገሩም ቃል አይጨርሱም። የዛሬ ሰው ሁሉ አፉ ውስጥ ሆኗል የሚያወራው። እናትዓለም እንኳ አሁን አሁን እንደዚያው ሆናለች፤ ካልጮኸች በቀር ምን እንደምትል አይለይም፤ ስትጮኽ ደግሞ የምትቆጣ ይመስለኛል።

ጌትነት እንዲተካኝ አልፈልግም። ራዲዮ ይወዳል፣ ሰው ግን አይወድም። የምፈልገው አንቺን ነው። በተናገርሁ ቁጥር ሥራ በዝቶብኛል ትያለሽ፤ እስኪ ሥራ የማይበዛበትን ሰው አምጪና እሱን ልመን። ማኅበሩን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንጀምር ሁላችንም ሥራ ነበረን።

ይኸን በቁጣ ጽፌው ከሆነ እለፊኝ። ሰው ባልሠራው ሲታማ ይመረዋል።

መርስዔ ኀዘን


አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ባለፈው እሑድ ስሜን ጠሩ። "ሩሐማ፣ አለሁ" አልኩ። ትንሽ ቆዩና "ሩሐማ" ብለው ደገሙ። ጮክ ብዬ ስመልስ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት "ምን ሆንሽ?" አለኝ። እርስዎ "ሩሐማ አልተሰማችም" ብለው ወደ ጌትነት አለፉ። ጌትነት መለሰ፤ "ጎበዝ" አሉት።

አልዋሽዎትም፣ ተናደድኩ። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው ለካ አልኩ። ከዚያ ራዲዮውን ዘግቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ ከስም ጥሪው የወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። የጽጌ ተማሪዎች ሴቶች ናቸው። ጽጌ ራሷ ሰሞኑን አልተሰማችም ተብላለች። ደሞዝ ወንድ ነው፤ ግን ስልክ ላይ ሰው ሁሉ "እመቤት" እያለ እንደሚመልስለት እየሳቀ ያወራልን የለም? አሁን ደግሞ እኔ። የቀሩት ጌትነት፣ አንዳርጋቸውና እነሱን የመሰሉ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ናቸው። አዲስ አበባና ባሕር ዳር መካከል ደግሞ ሞገድ አይዘልም፤ እርስዎ የሚሰሙት አንዳርጋቸው የሚናገረው ከእኔ ቤት ሁለት መንደር አልፎ ነው።

ጋሼ፣ ጆሮዎ እንዴት ነው? ይህን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

የምጠይቅዎ ለወሬ አይደለም። ደሞዝና ጽጌ ለሥራ አመራሩ ደብዳቤ አስገብተዋል። እስከ የካቲቱ ጉባኤ በቂ መልስ ካላገኙ የጣና ዳር አባላትን ይዘው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቁማሉ። እነሱ ከወጡ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ጉባኤ ካልተካሄደ ምርጫም ሆነ ማኅበር የለም። ከዚያች ጠባብ ክፍል ያወጡት ማኅበር በየካቲት ይበተናል።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ሩሐማ


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ ፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለሩሐማ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብርዱ እዚህም ገብቷል። የሐይቁ አረም ዘንድሮ በደንብያ በኩል ጨምሯል ይላሉ፤ ጀልባ ነጂዎቹ እየተማረሩ ነው። ልጅሽ ፈተናውን ማለፉን ከእናትዓለም ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ሳሚልኝ።

አልተሰማሽም ማለቴ አንቺን ለመንካት አይደለም። አንቺ እሑድ ጠዋት ራዲዮሽን እንደማትዘጊ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንቺ ካልተሰማሽ የእኔ ጣቢያ ከነጭራሹ ተበላሽቷል ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫውን ቀይሬዋለሁ። አሁን የጠረጠርሁት መቀበያውን ነው። ዕቃ ቤት ያለውን ትርፍ መቀበያ ላኪልኝ።

ሌላ የምለው የለኝም። እናትዓለም ሰላም ብላሻለች።

መርስዔ ኀዘን


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ስለ አረሙም ስለ ማዳመጫውም ነግረውኛል። የጠየቅኩዎትን ግን አልመለሱልኝም። መቀበያውን አልልክም።

ጣቢያ ሲበላሽ መጀመሪያ ምን ይደረጋል ብለን ስንጠይቅዎ፣ ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት ሌላ ሰው በዚያው ጣቢያ ያዳምጥ ብለው ነበር ያስተማሩን። እሑድ ማዳመጫውን አውልቀው ድምፅ ማጉያውን ይክፈቱና እትዬ እናትዓለምን አጠገብዎ ያስቀምጧቸው። የሰው ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን ያንሡ። ከዚህ ሌላ ምንም አልልዎትም።

ደፍሬዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ካላደረጉት ግን ደግሜ እጽፋለሁ።

ሩሐማ


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፤

ያልሽውን አደረግሁ። አንዳርጋቸውን ጠራሁ፤ እናትዓለም እጇን አነሣች፣ እኔም ሰማሁት። ጌትነትን ጠራሁ፤ አነሣች፣ ሰማሁት። አንቺን ጠራሁ። እጇን አነሣች። እኔ የሰማሁት የአየሩን ሹክሹክታ ብቻ ነው። ደግሜ ጠራሁሽ፤ ደግማ አነሣች።

ከዚያ ደንቡን ጥሼ ደሞዝን ጠራሁ። ስሙ ከወጣ ወራት አልፎታል። እጇ ወዲያው ተነሣ። ሰውየው ማንም ባይጠራውም እሑድ እሑድ ራዲዮውን ከፍቶ ይጠብቅ ኖሯል።

ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ቀጭኑ ሄዷል አለኝ። የጆሮ መሣሪያ ታዟል፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ቢመጣም ለቤት ወሬ እንጂ ለራዲዮ ብዙ ተስፋ አታድርግ ብሎኛል። እንግዲህ ከክረምት ጀምሮ ሳወርድና ስሰቅል የከረምሁት ጤነኛ አንቴና ነው። ሰው ቀጥሬ ጣሪያ ላይ አውጥቻለሁ፤ ራሴን ግን አንድ ቀን አልጠረጠርሁም። እናትዓለምም ቁጡ ሆነችብኝ እያልሁ ዝም እላት ነበር፤ ለካ እንድሰማት ነው የምትጮኸው። ስልኩንም የምታነሣልኝ እኔ እንዳላፍር ብላ ነው።

አባቴን አስታወስሁት። ዘጌ መሪጌታ ነበር፤ ይኸን ነግሬሽ ይሆናል። በስተርጅና ጆሮው ሲደክም ማኅሌት ላይ ዜማውን እየሳተ ይመራ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ከነስሕተቱ ተከተሉት እንጂ አንድም ሰው አላረመውም። በጣም አከበሩት ይባላል። እኔ ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ አለማወቁ ያንገበግበኝ ነበር። እናንተም እንደዚያ አከበራችሁኝ። አልቀየምሁም፤ ሥርዓቱን ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ።

አፍሬያለሁ። በየካቲት እለቃለሁ። ለአባላቱ "በዕድሜ ምክንያት" ብለሽ ጻፊ። ደሞዝንና ልጆቹን በጸጥታ ወደ ስም ጥሪው መልሻቸው። የጆሮዬ ነገር በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። መርስዔ ኀዘን ጆሮው ሄደ ከሚባል ሞተ ቢባል ይሻለኛል። ይኸን አንድ ነገር እለምንሻለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ቢሮ ነው የከፈትኩት፤ መክፈት አልነበረብኝም። በር ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ይህን መልስ ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ የለመኑኝን እንደማላደርግ ስለማውቅ ነው።

ደሞዝን በጸጥታ ልመልሰው እችላለሁ። ግን ለምን ወጣሁ ብሎ ሲጠይቅ ምን እለዋለሁ? እርስዎ በቂም እንዳስወጡት አምኖ ይሞታል። የጽጌ ተማሪዎችም ሴት በመሆናቸው እንደተገፉ አምነው ያረጃሉ። ለልጆቻቸውም ይነግራሉ። እርስዎ አንዲት የጆሮ ነገር ሊሸሽጉ እነሱ ያልሆነ ነገር ተሸክመው ይኑሩ? ይህ የእርስዎ ጠባይ አይደለም።

እሱን ደብዳቤ እኔ አልጽፍም። ምክንያቱን የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ የሚናገሩትም እርስዎ ነዎት። ካልተናገሩ አልናገርብዎትም፤ ይህን በልጆቼ እምላለሁ። ግን ፕሬዚዳንት ሁኚ ላሉኝ መልሴ በዚሁ ይወሰናል። ተናግረው ከለቀቁ እወዳደራለሁ፤ ሥራዬ ቢበዛም እንደሚሆን አደርገዋለሁ። "በዕድሜ ምክንያት" በሚል ወረቀት ላይ ግን አልቆምም።

ጉባኤው ባሕር ዳር እንዲሆን ሥራ አመራሩን ጠይቄ ፈቅደዋል። ለእርስዎ መንገዱ እንዳይከብድ ብዬ ነው፤ ደሞዝም ከማዶ ለመምጣት ይቀለዋል። ደሞዝ እመጣለሁ ብሏል፤ ለመሰናበት ነው ብሏል።

ስላስጨነቅኩዎት ይቅርታ። እወድዎታለሁ፤ ያለዚያ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ልጅዎ ሩሐማ


ባሕር ዳር
የካቲት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክብርት ፕሬዚዳንታችን፤

በሰላም መግባትሽን ሰምቻለሁ። ክብርት ስልሽ አትሳቂ፤ ካልለመድሽው ጌትነት ይለምድልሻል።

ለደንቡ ያመጣሽውን ማሻሻያ ወድጄዋለሁ። አንድ አባል አልተሰማም የሚባለው ሌሎች ሁለት ጣቢያዎችም አልሰማነውም ሲሉ ብቻ ይሁን ማለትሽ እኔ መጀመሪያ ልጽፈው የሚገባኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጥሪ መሪ ሊሳሳት ይችላል የሚል አሳብ በጭንቅላቴ አልዞረም።

አንድ ነገር እንድትጽፊልኝ እፈልጋለሁ። እዚያ ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ነገሩን ከተናገርሁ በኋላ ሰው ምን እንዳለ አልሰማሁም። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጽጌ መጥታ ጉልበቴን ያዘች። ደሞዝ ተነሥቶ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ያየኝ ነበር። እናትዓለምን ብጠይቃት ማልቀስ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ተውኋት። ሰድቦኝ ከሆነ እንዳለ ጻፊው። ይገባኛል።

እሑድ ጥሪውን አንቺ ስትመሪ እኔም ከአባላቱ አንዱ ነኝ። ስሜን ስትጠሪ አልሰማሽም፤ እናትዓለም አጠገቤ ተቀምጣ ትከሻዬን ትነካኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ። ስምንት እሑድ ካልመለስሁ በሌሎቹ ላይ የፈጸምሁት ይፈጸምብኝ።

አባትሽ መርስዔ ኀዘን


አዲስ አበባ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ መርስዔ ኀዘን፤

ደሞዝ አልሰደበዎትም። የተናገረው እንዲህ ነበር፦ "እኔ ተጠልቼ መስሎኝ ነው ይህን ሁሉ ወር ሲከፋኝ የከረመው። አልተጠላሁም ከተባልሁ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ገና ለገና ያኮርፉኛል ብዬ ሐይቁን ተሻግሬ ቤታቸው ሄጄ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው። ያን ቀን ዓሣ እንኳ ጋብዘውኝ ነበር።" ከዚያ የመሰናበቻ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ አልከፈትኩትም። ወደ እርስዎ ዞረው የነበሩት "ጋሼ ይህን ሰምተው ይሆን?" እያሉ ነው።

አሁን የእሑዱን ልንገርዎ፤ እሱንም አልሰሙትምና።

የአዲስ አበባን ጨርሼ "የጣና ዳር ጣቢያዎች" አልኩ። ቀጥዬም "ደሞዝ፣ ቆላ ድባ" ብዬ ጠራሁ። የመለሱት እርስዎ ነበሩ። "መርስዔ ኀዘን፣ አለሁ፣ እንደምን አደራችሁ" አሉ። እትዬ እናትዓለም ጣና ዳር የሚለውን ሲሰሙ ቸኩለው ነክተዎት መሰለኝ። አየሩ ላይ ማንም አልሳቀም። እርስዎ ስለ ጤናዎ ተናግረው፣ ለጽጌ ተማሪዎች እንኳን ተመለሳችሁ ብለው እስኪጨርሱ ደሞዝ ጠበቀ። በእርስዎ ሥርዓት ከሆነ ተራው ያልሆነ ሰው ሲናገር ይቆረጣል፤ እኔ ግን አልቆረጥኩዎትም።

ጨርሰው ማይክራፎኑን ሲለቁ ደሞዝ ተራ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። በዚያ ቀጭን ድምፁ "ይኸ ተራ ለጋሼ ይሁን፤ እኔ በእሳቸው ቦታ እመልሳለሁ" አለ። የእርስዎ ስም ያለበት መጨረሻው ላይ ስደርስ "ደሞዝ" ብዬ ጠራሁ። "አለሁ" አለ።

ስለዚህ እትዬ እናትዓለምን አይውቀሷቸው። በየሳምንቱም እዚያው ላይ ይንኩዎት። ደሞዝ ተራችን እንደተለዋወጠ ይቆይልን ብሎ በጽሑፍ አመልክቷል፤ ፈቅጃለሁ። በፕሬዚዳንትነት የሰጠሁት የመጀመሪያ ውሳኔ ይህ ነው።

ልጅዎ ሩሐማ